አማቴና ኒዮ ክላሲኩ ጠረጴዛ

ሰው በመንገድ ይጠፋል፣ በመጠጥ ይጠፋል። እኔ የጠፋሁት በቃል ነው። ያውም ትርጉሙን እስከ ዛሬ ድረስ በውል በማላውቀው ቃል። ቃሉ «ኒዮ ክላሲክ» ይባላል። መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ኋላ ለራሴ የምስቅበት ቦታ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሌላው ሰው የጻፈውን ደብዳቤ አንብቤ ስሕተቱን ማረም፣ ቁጥር መስጠትና ፋይል ውስጥ መቅበር ነው። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስለቆየሁ አንድ ፊደል ቢዛነፍ ከሩቅ ይሸተኛል እያልኩ እጎርር ነበር። ይቺን ጉራዬን ያዙልኝ፤ በኋላ አብረን እናፍርባታለን።

አለቃችን ጓድ ዳምጠው ቡልጋሪያ ሄደው ዘጠኝ ወር ሠልጥነው መጡ። ምን እንደ ሠለጠኑ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይዘው የመጡትን ግን ሁላችንም አየነው። የልጃቸው ልደት ቀን ቤታቸው ጠርተውን ስንሄድ ሳሎናቸው መሐል አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ከጉልበት ከፍ አይልም። እግሮቹ እንደ ቤተ መንግሥት ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተሸንሽነዋል፤ ጫፋቸው የአንበሳ መዳፍ ነው። ከላይ ነጭ እብነ በረድ ተጋድሞበታል። ብርጭቆዬን ላስቀምጥበት ስል የጓድ ዳምጠው ባለቤት ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ከሥሩ ዳንቴል አስገቡበት።

«ኒዮ ክላሲክ ይባላል» አሉ ጓድ ዳምጠው፣ እግራቸውን አነባብረው።

«አዎ፣ ያስታውቃል» አልኩ። ምኑ እንደሚያስታውቅ እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ ዘነበች በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ቤታችን አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። (በነገራችን ላይ «አማኑኤል ነኝ» ስል ሰው ሁሉ «ሰፈሩ ነው ሆስፒታሉ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሳልጠራጠር «ሰፈሩ» እል ነበር።) በሳሎናችን ጠረጴዛ የምንለው የተገለበጠ የሻይ ቅጠል ሣጥን ነው፤ ዘነበች ጥልፍ ጨርቅ አልብሳዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ጠጥቼበት አንድ ቀን ቅሬታ አሰምቼ አላውቅም። አሁን ግን ዓይኔ ባረፈበት ቁጥር «አንተ ኒዮ አይደለህም፤ ክላሲክም አይደለህም» እያልኩ እሰድበው ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የዘነበች እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ ባላቸው ሲሞቱ ከፍቼ ከተማ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል። የሚተኙት ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጠዋት መጀመሪያ በጎን፣ ቀጥሎ በእጅ፣ በመጨረሻ በጸሎት ነበር የሚነሱት። ስለዚህ «እማማ፣ የስፕሪንግ አልጋ እገዛልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ዘነበች በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትርፍ ሰዓት እየሠራች፣ እኔም ከምሳዬ እየቀነስኩ፣ ገንዘቡን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመናል።

ሌላው ነገር ንባብ ነው። እማማ ደብሪቱ ሲመጡ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ግቡ ሲላቸው «ሞት ደጄ ቆሞ ሀ ሁ ልል?» ብለው አለቀሱ። ሀን በያዙ በሦስተኛው ወር ግን የሚያስቆማቸው ጠፋ። የክብሪቱን ጀርባ ያነባሉ። የዱቄት ጆንያ ያነባሉ። ግድግዳ ላይ ያለውን መፈክር ከዳር እስከ ዳር ካላነበቡ መንገድ አይሻገሩም። ስኳር ከኅብረት ሱቅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ ጋዜጣውን አንብበው ካልጨረሱ ስኳሩ አይገለበጥም፤ ሻያችን ስለ ትራክተር ጣቢያ እስኪነበብ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። «ጠረጴዛ ስንት ይፈጃል? ከአልጋው የተረፈውን ነው የምወስደው» አልኩ ለራሴ። ለራሱ የሚዋሽ ሰው የተመሰከረለት አድማጭ አለው። ገንዘቡን ውስጥ ኪሴ ከትቼ መርካቶ ወረድኩ።

መርካቶ ውስጥ «የለም» የሚባል ቃል አይሸጥም። የመጀመሪያውን የቤት ዕቃ ነጋዴ «ኒዮ ክላሲክ ጠረጴዛ አለህ?» አልኩት።

«ክላሲኩ አለ፤ ኒዮው ነው ያለቀው። ማክሰኞ ይገባል» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ።

ሁለተኛው እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና ባለ ብረት እግር ፎርማይካ አሳየኝ።

«ይሄ እኮ ፎርማይካ ነው።»

«ጋሼ፣ ፎርማይካ ማለት የኒዮ ታላቅ ወንድም ነው። አንድ ቤት ነው ያደጉት።»

ሦስተኛው የልብስ ስፌት መኪና እግር አወጣልኝ። አራተኛው ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ «እሱ መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲ ሂድ» አለ። ከሁሉም እውነተኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ልመለስ ስል ለመጠቅለያ የሚሸጥ የአሮጌ መጽሔት ክምር ውስጥ ዕጣዬ ጠበቀኝ። አንድ የጣሊያን መጽሔት ገጽ ላይ ልክ የጓድ ዳምጠውን የመሰለ ጠረጴዛ በፎቶ ተነስቷል! ገጹን ገዝቼ፣ ሰዎች ወደ ጠቆሙኝ አናጢ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ፣ ከመናገር መላግ የሚቀላቸው ሰው ነበሩ። ሥዕሉን በቁም አዩት፣ በግድም አዩት።

«ይሠራል» አሉ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አደራ! ልክ እንደ ሥዕሉ ይሁን። ከሥዕሉ አንዲት ፀጉር እንዳይወጡ።»

«ከሥዕሉ አንዲት ፀጉር አልወጣም» አሉ። ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ የጎዳኝም ይኸው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ ጠረጴዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሽንሽኑ ልክ ነው። የአንበሳው መዳፍ ከነጥፍሩ ልክ ነው። እግሩ ግን ሦስት ነው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አራተኛው እግር የታለ?»

«ሥዕሉን አምጣው» አሉ። አመጣሁት። «ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ፎቶው ከጎን ስለተነሳ አራተኛው እግር ከፊተኛው ጀርባ ተደብቋል። የሚታየው ሦስት ነው።

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አሉ ጋሽ ሸምሱ ረጋ ብለው። «ግን ከሥዕሉ አትውጣ አልከኝ። የፈረንጅ ነገር ነው፣ በሦስት የሚቆሙበትን ዘዴ ያውቁ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ያ እንጨት አልቆ ኖሮ አራተኛውን እግር ከሌላ እንጨት ሠሩልኝ። ከወንድሞቹ አንድ የጥፍር ውፍረት ያህል አጠረ። «ሲደርቅ ይስተካከላል» አሉኝ። «የትኛው ነው የሚደርቀው?» ብላቸው «ሁሉም» አሉና ወደ መላጊያቸው ተመለሱ።

ከላይ የሚጋደመው እብነ በረድ ቀረ። «ድንጋይ የኔ ሥራ አይደለም፤ ምን አለሽ ተራ ፈልግ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። ሄድኩ። ምን አለሽ ተራ የተሰበረው ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ የዘይት በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የወተት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል። በዚያ ሁሉ የመዶሻ ጩኸት መሐል አንድ አፈ ቅቤ ወጣት ከቆርቆሮ ክምር ሥር ነጭ እብነ በረድ ጎትቶ አወጣልኝ። ግራጫ ሥር የመሰለ መስመር ያለበት፣ የሚያበራ፣ ስፋቱም በክር የለካሁትን ያህል! ልቤ ዘለለች። አገላበጥነው። ከጀርባው ትላልቅ ፊደል ተቀርጿል። እንዲህ ብዬ አነበብኩት፦ «የተወደዱ እናታችን ወይዘሮ»። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

«ይሄ እኮ የመቃብር ድንጋይ ነው!»

«ሊሆን ነበር፤ አልሆነም» አለ ወጣቱ። «ቀራጩ አበላሸሁት ብሎ ግማሽ ላይ ጣለው። ጋሼ፣ በፍጹም ማንም አልሞተበትም። አዲስ ነው።»

«ምኑን ነው ያበላሸው?»

«እኔ በምን አውቄ? እርስዎ ያንብቡት እንጂ፤ የተማሩት እርስዎ።»

መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ባረመ ዓይኔ ፊደል በፊደል ፈተሽኩት። «ምንም ስሕተት የለውም» ብዬ ፈረድኩ።

«ታዲያ! ደግሞ ጽሑፉ ወደ ታች ነው የሚሆነው። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የሚያነብ ምን ዓይነት ሰው አለ?»

እውነቱን ነው አልኩ። ገዛሁት። አያችሁ፣ ምን ዓይነት ሰው እንዳለ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ያ ሰው ሳሎኔ ውስጥ ነው የሚተኛው።

ድንጋዩን ሁለት ተሸካሚዎች በትከሻቸው ይዘው ከፊት፣ እግሮቹን ከጋሽ ሸምሱ ያመጣ ሦስተኛ ተሸካሚ መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወደ አማኑኤል አቀናን። ጽሑፉን በኮቴ ሸፍኜዋለሁ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆም አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል?

ዘነበች በር ላይ ጠበቀችኝ። «አልጋው ነው?» አለች።

«አልጋው ታዟል። ይሄ ጠረጴዛ ነው፤ በአጋጣሚ ርካሽ አገኘሁት።» አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ውሸት።

እማማ ደብሪቱ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። የአንበሳውን ጥፍር ነካ ነካ አደረጉ። እብነ በረዱን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከዚያም ፊታቸው ቅር አለው።

«ይሄን ያህል ድንጋይ ባዶውን? ምንም አልተጻፈበትም?»

«የቡና ጠረጴዛ ነው፤ አይጻፍበትም እማማ።»

«ቡና እኮ ረከቦት አለው» አሉ።

ጠረጴዛው ሳሎኑን ስለሞላው የእሳቸውን ፍራሽ ወደ ግድግዳ ገፋነው። ሲተኙ እግራቸው ከአንበሳው መዳፍ ጋር ይጋጭ ጀመር። «ዛሬም ይሄ አውሬ ነከሰኝ» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት፤ «አልጋው መቼ ነው የሚመጣው?» «በቅርቡ» እላለሁ። ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ውጭ አገር የምሸሽ ይመስል እየሮጥኩ እወጣለሁ።

አሁን የቀረኝ ማሳየት ነው። ያልታየ ኒዮ ክላሲክ ምን ይጠቅማል? ጓድ ዳምጠውንና ባለቤታቸውን ለእሑድ ሻይ ጠራኋቸው። መጡ። ዘነበች ኬክ የሚመስል ዳቦ ጋግራለች። ጓድ ዳምጠው ጠረጴዛውን ሲያዩ ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ ለዚያ ቅንድብ ብዬ ነበር ይሄ ሁሉ።

«ከየት አስመጣኸው?»

«እንዲሁ ነው… ከውስጥ መንገድ» አልኩ።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጠረጴዛው «ቋ!» አለና በእኔ በኩል ሻዬ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እኔ የኔን አንስቼ መልሼ ሳስቀምጥ «ቋ!» አለና በእሳቸው በኩል ፈሰሰ። አጭሩ እግር አልደረቀም፤ ወይም ሁሉም ደርቀዋል።

«ቡልጋሪያ ያለው አይንቀሳቀስም» አሉ ጓድ ዳምጠው፣ ሱሪያቸውን እየጠረጉ።

እማማ ደብሪቱ ከጥጋቸው ተነሱ። ከደብተራቸው ሽፋን ቁራጭ ቀደው አራት ላይ አጠፉ።

«እግሩ ሥር ልወትፍበት።»

«እማማ ተዉት! እኔ አደርገዋለሁ!»

«ተቀመጥ ልጄ፣ እንግዳህን አጫውት» ብለው ያን የሚያማቸውን ጉልበት እጥፍ አድርገው ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

ፀጥ አለ። ወረቀቱን ሲወትፉ ተሰማን። አሁን ይወጣሉ ስል፣ ከእብነ በረዱ ሥር ድምፅ መጣ።

«የ… ተ… ወ… ደ… ዱ…»

«የዘንድሮው የመሥሪያ ቤታችን ዕቅድ!» ብዬ ጮህኩ። «ጓድ ዳምጠው፣ ስለ ዕቅዱ ምን ይላሉ?»

ጓድ ዳምጠው ግን እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው በራ። «ቆይ፣ ቆይ! እናታችን ያነባሉ እንዴ?»

«መሠረተ ትምህርት ናቸው» አለች ዘነበች በኩራት። ምን እንደሚነበብ አታውቅም።

«ይበሉ እናቴ፣ ይቀጥሉ! የዘመቻው ፍሬ ይሄ ነው!» ጓድ ዳምጠው አጨበጨቡ። ባለቤታቸውም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ሌላ ምን ላድርገው?

«እ… ና… ታ… ችን…»

«እናታችን! ግሩም ነው!»

«ወ… ይ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ጭብጨባውም እየሳሳ ሄዶ ቀረ። እማማ ደብሪቱ ቀስ ብለው ወጡ፣ ነጠላቸውን አራገፉ፣ ፍራሻቸው ላይ ተቀመጡና አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ባመሰገንኳቸው!

«ስሙ የለም» አሉ። «ልጄ፣ ስሜን ለማስጻፍ ምን እየጠበቅህ ነው?»

ዘነበች ተንበርክካ ሥሩን አየች። ስትነሳ ፊቷ ከእብነ በረዱ ይበልጥ ነጥቷል። «አልጋው የታለ?» አለችኝ። በእንግዳ ፊት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ጓድ ዳምጠው ሰዓታቸውን አዩና ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። በዚያን ዘመን ስብሰባ የሌለበት እሑድ ስላልነበር ዋሹ ለማለት አልደፍርም። ዳቦውን ሳይቀምሱ ወጡ።

እማማ ደብሪቱ ልብሳቸውን በአንድ ጨርቅ ቋጠሩ። ደብተራቸውን ከላይ አደረጉ። «ነገ ፍቼ እሄዳለሁ» አሉ። «አልጋ ስጠብቅ መቃብር መጣልኝ። ምን አጠፋህ፣ ያው ሁለቱም መኝታ ነው። እዚያ የባሌ መቃብር ላይ እንኳ ሦስት ያልተጠረበ ድንጋይ ነው ያለው፤ እኔ በእብነ በረድ ልቀበር ብል ሰው ይስቅብኛል።»

እራት አልበሉም። ዘነበችም አልበላችም፤ እኔ ግን አንድ ቁራሽ ዳቦ በልቻለሁ። ሁሉንም ልንገራችሁ ካልኩ ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ጠዋት ከሥራ ቀረሁ። ሄጄ ፍራሻቸው ጫፍ ላይ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዘነበች አውቶቡስ ተራ እንድታደርሳቸው ይጠብቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የጓድ ዳምጠውን ቡልጋሪያ፣ ቃሉን፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ፣ የፎርማይካን ታናሽ ወንድም ነገርኳቸው። የአልጋውን ውሸት ስናገር ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ ለአንበሳው መዳፍ ነበር የምናገረው። ስለ ሦስቱ እግር ስደርስ ግን ትከሻቸው ነቅነቅ ሲል አየሁ።

«አናጢው ቁጠር አለህ?»

«አዎ።»

«ቆጠርክ?»

«ቆጠርኩ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው «እና ድንጋዩን ቀራጩ ለምን ጣለው?» አሉኝ።

«እንጃ እማማ። አበላሸሁት ብሎ ነው አሉኝ። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስሕተት የለውም።»

«የለውም?»

«የለውም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ቋጠሯቸውን አስቀመጡ። ትራሳቸው ሥር ያለችውን የእጅ ባትሪ አወጡና ኮሌታዬን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎተቱኝ። ሁለታችንም በጀርባችን ተጋደምን፤ የአንድ መሥሪያ ቤት አንጋፋ ሠራተኛና የፍቼዋ እማማ ደብሪቱ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ መኪና ጠጋኝ። ባትሪውን አበሩ።

«ይቺ ምንድን ናት?» ጣታቸውን አንዷ ፊደል ላይ አደረጉ።

«ዘ» አልኩ።

«አየሃት?»

«አየኋት። ወይዘሮ። ዘ።»

«በዓይንህ እያት እንጂ በልማድህ አትያት። ዘ ናት?»

አየኋት። «…ዞ» አልኩ።

«ዞ! ወይ-ዞ-ሮ!» አሉና ሳቁ ገነፈለባቸው። «ወይዞሮ! ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት! ወይዞሮ!» ሳቃቸው ከእብነ በረዱ ጋር እየተጋጨ ተመልሶ እኔው ፊት ላይ ይወድቃል። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። «እኔ እኮ ትናንት እዚች ላይ ስደርስ ቆምኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። የተማረ ሰው ያስጻፈው፣ እንዴት ዞ ይሆናል? ገና አልገባኝም ማለት ነው ብዬ እኮ ነው ሌሊቱን ያዘንኩት!»

«ስለ መቃብሩ አይደለም?»

«እሱም አለ» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ግን ዞ ይበልጣል።»

ዘነበች እናቷን ለመሸኘት ነጠላ ለብሳ ስትገባ ከጠረጴዛው ሥር የወጡ አራት እግሮች አገኘች።

«ምን ሆናችሁ?»

«እናትሽ እያስተማሩኝ ነው» አልኩ።

ፍቼ ቀረ። በነፃ ግን አልቀረም፤ እማማ ደብሪቱ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ እሳቸው አልጋ ላይ ይተኛሉ። ሌላ አልጋ ስለሌለ የእኔና የዘነበች አልጋ ወደ ሳሎን ወጣ፤ እኛ ፍራሹ ላይ ወረድን። ዘነበች አንድ ወር ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤ በወለል ላይ ጀርባ ከአልጋ ላይ ጀርባ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ይገለበጥ አሉ። ጽሑፉ ወደ ላይ ይሁን፤ «በዚህ ቤት ከእኔ ተደብቆ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።»

ሁለት ተሸካሚ ጠርቼ አስገለበጥኩት። እማማ ደብሪቱ የሳሙና ቁራሽ በምራቅ አርሰው የዞን ትርፍ ጌጥ ደፈኑትና ዘ አደረጓት። ከዚያ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ያመጧትን ስብርባሪ ጠመኔ ይዘው ቁጭ አሉ፤ በባዶው ቦታ ላይ ምላሳቸውን ወጣ አድርገው በትልቁ ጻፉ፦ «ደብሪቱ»። ራቅ ብለው አዩት። ቱ ስለተጣመመችባቸው አጥፍተው ደገሟት።

እንግዲህ የእኔ ኒዮ ክላሲክ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ስማቸውን ይጽፋሉ። ቀን ሰው ሲመጣ ስኒውን ሰብሰብ አድርገው «እስቲ አንብብ» ይላሉ። ፊደል ያልቆጠረ የተገኘ እንደሆነ እዚያው በጠመኔ ሀን ያስይዙታል። ያነበበውን ሁሉ ደግሞ «ይቺን ዞ ብለው የጻፏት ነበሩ፤ አማቼ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፣ አላያትም» ይሉታል። አመሻሽ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንስተው ስማቸውን ጥርግ ያደርጉና «ዛሬም መቃብር አልሆነም» ብለው ይነሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ስሰማ ይዘገንነኝ ነበር። በኋላ ግን ሳልሰማው ከዋልኩ ሥራዬን በትክክል የጨረስኩ አይመስለኝም።

በክረምቱ ላይ ብርድ መታቸው። ሳምንት ተኙ። ዘነበች ፋብሪካ ስለምትውል ከሥራ ስመለስ የምገኘው እኔ ነኝ። እንዲያም ሆነው ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ከአልጋው ዘርግተው ስማቸውን መጻፍ አልተዉም፤ ቱ ግን እንደ ድሮዋ መጣመም ጀመረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጨርቁን አነሱ፣ ወደ ድንጋዩ ዘረጉና መለሱት። ሰጡኝ።

«ዛሬ አንተ አጥፋው» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ጠረግኩት። ነጩ ሁሉ ጠፍቷል፤ እኔ ግን አላቆምኩም። በሁለት እጄ ይዤ፣ ጉልበቴን ወለሉ ላይ አስደግፌ፣ ፈተግኩት። ሳሙናው እንኳ ተነስቶ ዞ ተመልሳ ብቅ አለች።

«ቀስ በል እንጂ» አሉኝ ከትራሳቸው ላይ ሆነው። «የተቀረጸውንም ልታጠፋው ነው?»

«ልሞክር» አልኳቸው።